አንድ ታክሲ ሙሉ ሰው የሰማው ምስጢር

ለቡ መብራት ኃይል ተራ ላይ የሚሠሩ የታክሲ ረዳቶች ከሩቅ ሲያዩኝ "ማዘር መጡ፣ ስልካችሁን ደብቁ!" ይባባላሉ። "ማዘር" መባሉን አልወደውም፤ የወለድኩት አንድም ረዳት የለም። ስም ግን አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ጀሞ የምትኖረው ታናሽ እህቴም "የስልክ ትራፊክ" ብላኛለች። እሷስ ብትለኝ ምን ይገርማል፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ትምህርት ቤት ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ነበር የምጠብቀው፤ ሰውን "እሽሽ!" ማለት ደሞዝ ሲያስገኝልኝ ኖሯል። አሁን ግን በነፃ ነው የምለው፤ በነፃ የሚሠራ ሰው ደግሞ ማን ይሰማዋል?

ሰው ስልክ ማውራቱ አያናድደኝም። ይቸግረዋል፣ ይደውላል። የሚያናድደኝ እኔንም ጉባኤው ውስጥ አስገብቶ ሲያበቃ እንዳልሰማሁ እንድሆንለት መፈለጉ ነው። አንድ ጊዜ ታክሲው ገና ለቡ ላይ ሰው እየጫነ አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ "ሜክሲኮ ደርሻለሁ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁኝ" አለ። ሁላችንም የሐሰት ምስክር ሆነን ተቀመጥን። አላስችል ብሎኝ ወደ ስልኩ ጠጋ አልኩና "ኧረ ገና ለቡ ነው ያለው!" ብዬ ጮህኩ። ሰውዬው እስከ መካኒሳ ድረስ የሰው ስልክ ማዳመጥ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ሲያስተምረኝ ሄደ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀለት። ለካ ጥፋቱ የእኔ ኖሯል፤ ጆሮዬን ቤት ትቼው መውጣት ነበረብኝ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ ደግሞ አንዲት ሆዷን ያመማት ልጅ ምን በልታ፣ ስንቴ ተመላልሳ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ ጭምር ለጓደኛዋ በቪዲዮ ስትዘረዝር ሰማሁ። ሐኪሙ ሳያያት ወረፋው አክሟት ጨረሰ ማለት ይቻላል፤ አንዷ ጤና አዳም አለቻት፣ ሌላዋ ዝንጅብል፣ አንድ አዛውንት ደግሞ ጓደኛዋን በስልኩ ውስጥ "ምግቡን ከየት ነው የገዛችሁት?" ብለው መረመሯት። የእድራችንማ ይለያል። በስብሰባ ላይ ስልክ ይዘጋ የሚል ውሳኔ አሳለፍንና ጸሐፊው ቆሞ ሲያነብልን የራሱ ስልክ ጮኸ። አነሳው። "ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ስልክ ዝጉ እያልኳቸው ነው፣ መልሼ ልደውል" አለና ንባቡን ካቆመበት ቀጠለ። ማንም አልሳቀም፤ እኔ ብቻ ነኝ የሳቅኩት፤ እሱንም እንደ ብልግና ቆጠሩብኝ።

እንግዲህ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ፣ ያን ዕለት ጠዋት ታክሲ ውስጥ የገባሁት። መንገዴ ወደ ብስራተ ገብርኤል ነበር፤ ደም ግፊቴን የሚያዩልኝ እዚያ ነው። ሳር ቤት ወርጄ በእግሬ አዘግማለሁ። የሜክሲኮው ታክሲ ጋቢና ውስጥ አንድ ቦታ ቀርቶ ነበርና ስወጣ አጠገቤ ያገኘኋት ልብስ ሰፊዬ ናት።

ይህቺ ሴት ሀና ማርያም አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ትሰፋለች። የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የምትማር አንድ ልጅ አለቻት። እኔ የማርያም ወዳጅ ነኝ፣ እሷ ፕሮቴስታንት ናት፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም። ስትሰፋ መዝሙሯን ለስለስ አድርጋ ታንጎራጉራለች እንጂ ስልክ በትከሻና በጆሮዋ መሀል ሸጉጣ የሰው ቀሚስ አታበላሽም። ሌላ ሰፊ የማልፈልገው ለዚህ ነው።

"እትዬ፣ ስልኬ ተበላሸብኝ እኮ" አለችኝ ገና ሳልደላደል። "ልጄ ትናንት ማታ ባልዲ ውስጥ ጣለችው። ውሃ ጠጥቷል፣ ላሠራው ብላ ወሰደችው። እጄ የተቆረጠ ነው የመሰለኝ።"

"እንኳን ደስ አለሽ!" አልኳት። "እዚህ ታክሲ ውስጥ ያለውን ስልክ ሁሉ የሚችል ባልዲ ብናገኝ ምን ነበረበት!"

ሳቀች። "እርስዎ ደግሞ! እኔ እኮ ጠዋት ጠዋት ለእናቴና ለአባቴ ሳልደውል ከቤት አልወጣም። ዛሬ ቅር ብሎኝ ነው የመጣሁት። ልጄም ዛሬ መርካቶ አትሂጂ፣ እቤት ዋዪ ስትለኝ ነበር፤ ክር አልቆብኝ ነው እንጂ።"

ሌላ ሰው ቢሆን "እንኪ በእኔ ስልክ ደውዪ" ይል ነበር። እኔ ግን ታክሲ ውስጥ ስልክ አላወራም፣ አላስወራምም። "ስንወርድ በእኔ ትደውያለሽ" አልኳት። ሕጌን ያከበርኩባትን ያቺን ቅጽበት እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ታክሲው አንድ ሰው ጎድሎት ሊንቀሳቀስ ሲል አንድ ሰውዬ ሮጦ ደረሰና ልክ ከጀርባችን ተቀመጠ። ኮት የለበሰ፣ ጎልመስ ያለ፣ ጉዳይ የበዛበት ዓይነት ሰው ነው። ገና ሳይደላደል ስልኩ ጮኸ። አነሳው፤ ድምፁም እንደዚያው ነበር፤ ሆሳዕና ላለ ሰው ያለ ስልክ የሚያሰማ ድምፅ።

"አቤት! አዎ እኔ ነኝ! አይ፣ አልሰማችም። እስካሁን አልሰማችም!"

እንደ ወትሮዬ ልቆጣው ዞር አልኩ። እሱ አላየኝም፤ መስኮቱን እያየ ነው የሚያወራው።

"ከቤቷ ነው የመጣሁት። እሷ ወጥታለች፣ ልጅቷን ግን አግኝቻታለሁ፣ ሁሉን ጨርሰናል። እሷን አላውቃትም፣ አይቻትም አላውቅ፣ እኔ በባልየው በኩል ነኝ። እሱ ከጅቡቲ መስመር ዛሬ ማታ ይገባል፤ ያለ እሱማ አይነገራትም! ነገ ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ሁላችሁም እዚያው ሀና ማርያም። ፓስተሩን አሁን መካኒሳ አገኘዋለሁ። ከዚያው ይዘናት ለቀብሩ እንነሳለን።"

መርዶ መሆኑ ገባኝ። ለሰውዬው ያለኝ ቁጣ ትንሽ በረደ፤ ነገሩን በሥርዓቱ እያስኬደ ነው። መርዶ በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። ሰው ገና ሳይነቃ፣ የሚደግፋት ዘመድ በግራ በቀኝ ተቀምጦ፣ ፊቷን የሚያብሱበት ውሃ ቀርቦ ነው የሚነገረው። በስልክ የነገረ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲወቀስ ይኖራል። ሰውዬው ይህን ሁሉ አሰናድቶ፣ አንዲት ሴት በስልክ እንዳትሰማ እየደከመ፣ ለአንድ ታክሲ ሙሉ ሰው ግን በስልክ ያሰማ ነበር።

ቀጥሎ "ስልኳንማ ልጅቷ ጎበዝ ናት!" አለ። "ባልዲ ውስጥ ወደቀ ብላ ደብቃዋለች! ልብስ ሰፊ እኮ ናት፣ ደንበኛው ሁሉ ይደውላል፣ አንዱ እንዳያመልጠው ብለን ነው!"

ቀስ ብዬ ወደ ጎኔ አየሁ። ልብስ ሰፊዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ የለቡን ሱቆች ታያለች። ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው። የሰማች አትመስልም። ወይ ሐሳብ ላይ ናት፣ ወይ እግዚአብሔር ጆሮዋን ይዞላታል አልኩ። ሰውዬው ግን ገና መጀመሩ ነበር፤ ማን እንደሞተ ከመናገሩ በፊት አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ። ይህቺ ምስኪን የእናቷን ወይ የአባቷን ሞት ከማያውቃት ሰው አፍ፣ ታክሲ ጋቢና ውስጥ፣ ክር ልትገዛ ስትሄድ መስማት የለባትም።

"ልጄ፣ ሬዲዮኑን ከፍ አድርገው" አልኩት ሾፌሩን።

ሾፌሩ ዞሮ አየኝ። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ሬዲዮ ያስጠፋሁት እኔ ነኝ። የእንግሊዝ ኳስ ትንታኔ ነበር፤ አሁንም እሱው ነው።

"ማዘር፣ ደህና ነዎት?"

"ኳስ አማረኝ። ከፍ አድርገው!"

ከፍ አደረገው። ሰውዬው ከሬዲዮኑ በላይ ከፍ አለ። የስልክ ሰው ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ጫጫታ ሲበዛ ዝቅ አይልም፣ ይወዳደራል። ሌላ መላ አልታየኝም። ቦርሳዬን ከፈትኩና ስልኬን አወጣሁ። ረዳቱ ከኋላ "ኧረ ጉድ!" ሲል ሰማሁት። ለእህቴ ደወልኩ። ስጣደፍ ምኑን እንደነካሁ አላውቅም፣ ስፒከሩ ተከፍቶ ኖሮ የእህቴ ድምፅ ታክሲውን ሞላው። እኔ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ደውዬላት አላውቅምና ክው ብላለች።

"ምነው? ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም!" ብዬ ጮህኩ። "ማንም! በርበሬው ተፈጨ ወይ ብዬ ነው!"

"የምን በርበሬ?"

"በርበሬው ነዋ! ደግሞስ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ስለ ጉልበትሽ ንገሪኝ! ጮክ በዪ፣ አይሰማም!"

"አንቺ ሴትዮ ግፊትሽን ተለክተሻል?"

ከጀርባዬ ሰውዬው ድምፁን ጨመረ። አፉ ጆሮዬ ሥር ነው። "እናትየዋ! አዎ እናትየዋ ናቸው! ትናንት ማታ ነው ያረፉት!" ሲል እኔም እኩል "ጉልበትሽ! ጉልበትሽ!" አልኩ፤ ሬዲዮኑም ያኔውኑ ጎል ብሎ አገዘኝ። ያቺን ቃል በእህቴ ጉልበት ደፈንኳት።

ከኋላ አንድ ወጣት "ማዘር፣ ላውዱን ያጥፉልን፣ ጆሯችን ነው እኮ!" አለ። አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ "የዛሬ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ብሰዋል" ስትል ሰማኋት። ከዚያ ትከሻዬን አንድ እጅ ነካ አደረገኝ። ሰውዬው ነው። ስልኩን ደረቱ ላይ ከልሎ፣ በትዕግሥት አየኝ።

"እናቴ፣ ቅር አይበልዎትና፣ ይኼ የሕዝብ ትራንስፖርት ነው። ሰው ቁም ነገር እያወራ ነው። ትንሽ ስነ ሥርዓት ቢኖረን ምናለበት?"

"ይቅርታ" አልኩት። ዞሬም ስለ በርበሬው መጮሄን ቀጠልኩ። እህቴ እስከ መካኒሳ ድረስ ስለ ጉልበቷ የምታውቀውን ሁሉ ተናገረች፤ ከዚያ በፊት ጠይቄያት ስለማላውቅ ብዙ የተጠራቀመ ነበራት።

ሰውዬው መካኒሳ ላይ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ወረደ። ስልኬን ዘጋሁት። ሾፌሩ ሳልነግረው ሬዲዮኑን ቀነሰ። ተሳፋሪው አኩርፎኝ ጭጭ አለ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ታክሲ ውስጥ አግኝቼ አላውቅም። አተረፍኳት ብዬ ደስ አለኝ። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ። ልብስ ሰፊዬ አሁንም መስኮቱን እያየች ነበር።

ሳር ቤት ስንደርስ "ወራጅ አለ!" ስል እሷም ከእኔ ጋር ወረደች። መንገዷ መርካቶ ነበር። ስልኬን ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ቃል ገብቼላታለሁ። ባትሪዬ አልቋል እላታለሁ ብዬ አሰብኩ፤ የእህቴ ጉልበት ጨረሰው።

ስልክ አልጠየቀችኝም። ታክሲው እስኪሄድ ጠበቀችና ክንዴን ያዘች።

"እትዬ፣ እናቴ ናት አባቴ?"

"ምኑ?"

"ሁሉንም ሰምቻለሁ። የልጄንም፣ የስልኬንም፣ የነገውንም። እርስዎ ሲጮሁ ያቺ ብቻ አመለጠችኝ። ከዚያ ወዲህ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ስገድል ነው የመጣሁት። ግድ የለም፣ ይንገሩኝ።"

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጩኸቴ ከሞቱ አላዳናትም፤ በአንድ ሞት ፋንታ ሁለት አሸከማት። ልናገር አፌን ከፈትኩ። መንገድ ላይ ነን፣ ዘመድ የላት፣ ልጇ የለች፣ ባሏ የለ፤ መርዶ እንዲህ አይነገርም። አለመናገርም አይቻልም። የከፈትኩትን አፍ መልሼ ዘጋሁት። እሷ ፊቴን አየችው፣ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"እማዬ ናት" አለች። "አባቴ ቢሆን እንደምንም ይነግሩኝ ነበር።"

የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተችው፤ ድምፅ አልወጣትም፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ያዝኳት። አላፊ አግዳሚው ያዞራት መስሎት ውሃ አቀበለን። ቆይታ ፊቷን ታጠበችና ተነሳች።

"አልቅሺ እንጂ፣ ምን ያስችልሻል" አልኳት። "ላድርስሽና እዚያው ይንገሩሽ።"

"አይሆንም እትዬ። ልጄ ትናንት ማታ ፊቴን ማየት አቅቷት እራት ሳትበላ ነው የተኛችው። በድንገት እንዳልሰማ እየጠበቀችኝ ነው። አሁን አውቄ ብገባ ሳልጠብቃት ቀረሁ ትላለች። ነገ ይንገሩኝ፣ እንዳሰቡት ይንገሩኝ። እርስዎም ይምጡልኝ።"

ወደ ለቡ በሚመለሰው ታክሲ ተሳፈረች። መርካቶውን ምነው ተውሽው ሲሏት ምን እንዳለቻቸው፣ ቀኑን እንዴት እንዳመሸችው፣ ባሏ ማታ ገብቶ ሲስማት ምን ብላ እንደተቀበለችው አላውቅም። እኔ ያን ቀን ክሊኒኩም አልሄድኩ፣ እህል በአፌም አልዞረ።

በነጋታው በጨለማ ሀና ማርያም ደረስኩ። ጋቢ የለበሰ ሰው በሩ ላይ ተሰብስቧል። የታክሲው ሰውዬ በሰዉ መሀል እየዞረ ያስተባብራል። "ስልካችሁን ዝጉ" ይላል በሹክሹክታ። "ክብር የሚያስፈልገው ነገር ነው። በዚህ መሀል ስልክ ቢጮህ ነውር ነው።" እኔ ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

"የት ነው የማውቅዎት እናቴ?"

"ታክሲ ውስጥ ይሆናል" አልኩት።

አስታወሰኝ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። "እንግዲህ እዚህ እንኳ አደራዎትን" አለኝ። ስልኬን ዘጋሁት፤ ሲዘጋ እስኪያይ ድረስም ይዤ አሳየሁት።

ገባን። ለባብሳ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ልጇ አንድ ጎኗ፣ ባሏ አንድ ጎኗ። እኔ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ፓስተሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ "እንግዲህ እህታችን፣ ሰው ሆነን እስከተፈጠርን ድረስ..." ከማለቱ ከሆዷ የወጣ ጩኸት ጮኸች። "እማዬ! እናቴን!" እያለች ደረቷን መታች። ከጠዋት እስከ ሌሊት የያዘችው ነበርና መያዣ ጠፋለት። ቤቱ በልቅሶ ተናወጠ።

ለቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል ሰውዬው ቀና አለ። "ማነው የነገራት?" አለ። "እናትየዋ መሆናቸውን ፓስተሩ አልተናገረም! አንዱ ቀድሞ በስልክ ነግሯታል! ይኼ ስልክ የሚሉት ነገር ሥርዓታችንን አጠፋው እኮ!" ዓይኑ ሰዉ ላይ ሲዞር ቆየና እኔ ላይ አረፈ። ልጅቷ "ስልኳ እኔ ጋ ነው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ነበር፣ እንዴት ሆኖ..." እያለች ፊቷ አመድ መሰለ።

አሁንስ ልነግረው ነው ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ማን እንደነገራት፣ የት፣ በምን ያህል ድምፅ። ልብስ ሰፊዬ ግን እጄን ያዘችኝ። መርፌ ሲይዝ የኖረ እጅ ነው፤ ጣቶቼን እስኪያመኝ ጨመቀችኝ።

"ማንም አልነገረኝም" አለች። "ልቤ ነው የነገረኝ።" በሌላ እጇ ልጇን ወደ ደረቷ ሳበቻት። "ደህና አድርገሽ ነው የጠበቅሽኝ የኔ ልጅ።"

ሰውዬው "አይ የእናት ሆድ! አይ የእናትና የልጅ ነገር!" አለና ጋቢውን ፊቱ ላይ አድርጎ ከሁላችንም ድምፅ በላይ አለቀሰ።